የማይታየውን ስለ መለካት
(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በጨለማ ሌሊት ከጣርማ በር አፋፍ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ምድሩ አይታየውም፤ የሚታየው የደብረ ሲናና ከዚያ ወዲያ ያሉት መንደሮች መብራት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አስተዋይ ሰው ከመብራቱ አሰላለፍ መንገዱ በየት እንደሚወርድ፤ ገደሉም የት እንዳለ ሊገምት ይችላል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም የሚደክሙት በዚሁ ዓይነት ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሪትዝ ዝዊኪ የኮማ ጋላክሲዎች እጅግ እንደሚፈጥኑ፤ የሚታየው ቁስ ስበት ብቻም ሰብስቦ ሊይዛቸው እንደማይችል አስተዋለ። በ1970 ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ዳርቻ እንደታሰበው ፍጥነቱን እንደማይቀንስ አሳዩ። ዛሬ በሚታመንበት ስሌት እኛ የምናውቀው ቁስ ከዓለሙ 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ 27 ከመቶ ያህሉ ጨለማ ቁስ፤ የቀረው ጨለማ ኃይል ይባላል።

ታዲያ የማይታይ ነገር ካርታ እንዴት ይነሣል? ስበት ብርሃንን ያጎብጣል። የሩቅ ጋላክሲ ብርሃን በጨለማው ቁስ አጠገብ ሲያልፍ መልኩ በጥቂቱ ይዛባል። የአንዱ መዛባት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የብዙ ሺዎቹ ተደምሮ ሲሰላ ግን ጨለማው የት እንደተከማቸ ይገልጣል። በ2007 በሀብል ቴሌስኮፕ የተሠራው ካርታ ጋላክሲዎች የጨለማውን ቁስ ድር ተከትለው እንደሚሰፍሩ አሳየ። በ2023 የመጠቀው ዩክሊድ ደግሞ የሰማዩን ሲሶ ለመለካት ተነሥቷል።

«ይህ ለድኻ አገር ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ደብዛዛ ምስልን በሒሳብ አጣርቶ ማንበብ ለጋላክሲ ብቻ የሚሆን ጥበብ አይደለም፤ በ2019 አገራችን ወደ ሰማይ የላከቻት ሳተላይት ያነሣችውን የእርሻና የደን ምስል ለመመርመርም ይኸው ጥበብ ያስፈልጋል።

በእንጦጦ ተራራ ላይ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። እነዚህ ብቻቸውን የዓለሙን ካርታ አያነሡም። ዳሩ ግን ዩክሊድ ከመዘገበው የመጀመሪያው ክፍል በመጋቢት 2025 ለማንም ሰው ተከፍቷል፤ በውስጡም 26 ሚሊዮን ያህል ጋላክሲዎች አሉ። እንግዲህ ለዚህ ሥራ በመጀመሪያ የሚያስፈልገን የመስተዋት ትልቅነት ሳይሆን ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ የሒሳብና የፊዚክስ ተማሪዎች በየሳምንቱ አንድ ማታ ተሰብስበን ከዚህ መዝገብ ጥቂት ጥቂቱን እንድንመረምር ለጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ። ካርታውን ሌላው እስኪያነብልን መጠበቅ አይገባንም።