የአንድ ታላቅ ቁጥር ትምህርት



ስድሳ ሰባት ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከብዜቱ አንድ ሲቀነስ 147,573,952,589,676,412,927 ይገኛል። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሬን ሜርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው፣ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ሲል ጻፈ። ቃሉም ከ200 ዓመት በላይ የሚያፈርሰው ሳያገኝ ቆየ። በ1876 የአገሩ ሰው ኤዱዋር ሉካ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ ዳሩ ግን ማስረጃው አካፋዮቹን አላሳየም። እነርሱንም በ1903 ለይቶ ያወጣቸው አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው፦ 193,707,721 እና 761,838,257,287።

ሁለቱን አባዝቶ እውነቱን ማረጋገጥ እርሳስና ወረቀት ለያዘ ተማሪ አይገደውም፤ ከብዜቱ ተነሥቶ እነርሱን ማግኘት ግን እጅግ አድካሚ ነው። ግንብ ለመገንባት ይከብዳል፣ ለማፍረስ ይቀላል፤ በቁጥር ዘንድ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በ1977 የተነደፈው፣ ዛሬም በኮምፒዩተር የሚተላለፍ ምስጢር የሚጠበቅበት የአር.ኤስ.ኤ. ዘዴ የቆመው በዚሁ ጠባይ ላይ ነው።

ለባለሙያም ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የሊቅ ቃል ይከበራል፤ ማንም ሊመረምረው የሚችል ስሌት ግን ይበልጠዋል።