በዓይን ፊት የሚንሳፈፍ ጥላ፦ መታገሥ መቼ፣ መፍጠን መቼ?

(በመካነ ሰላም ለካህናትና ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ የጤና ትምህርት ንግግር)



ስለ ዓይን ጤና ስንሰበሰብ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ትራኮማና ስለ ዓይን ሞራ ነው። ይህም ተገቢ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሔደው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው በአገራችን ከሚደርሰው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንሥኤው የዓይን ሞራ ነበር፤ ትራኮማም ከመቶው ከ11 በላይ ድርሻ ነበረው። ዛሬ የማነሣው ግን ስሙ ያልተለመደ፣ ምልክቱ ግን በዕድሜ የገፋን ብዙዎቻችን የምናውቀው ጉዳይ ነው።

አንድ አባት፣ “ዳዊት ስደግም ብራናው ላይ ዝንብ የሚመላለስ ይመስለኛል፤ በእጄ አባርራለሁ፤ ዝንብ ግን የለም” ብለውኛል። ሌሎችም የሸረሪት ድር፣ የጥላሸት ብናኝ ወይም ቀለበት የመሰለ ነገር እንደሚያዩ ይናገራሉ። ዓይን ሲዞር አብሮ ይዞራል፤ ዓይን ሲቆም ጥቂት ተንሳፎ ይረጋል። በጠራ ሰማይ፣ በነጭ ግድግዳና በብራና ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በደብዛዛ ብርሃን አይለይም።

ይህ ጥላ ያለው ከዓይን ውጭ ሳይሆን በዓይን ውስጥ ነው። የዓይናችንን ኳስ የውስጥ ክፍል በብዛት የሚሞላው ቪትሪየስ የሚባል፣ እንደ ተልባ ልጋግ የጠራና የሚዝለገለግ ነገር ነው። መጠኑ 4 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን ከመቶው 98 እጅ የሚሆነው ውኃ ነው። በውስጡም እጅግ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ከበስተኋላው ሬቲና የተባለው ስስ ሽፋን አለ፤ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚልከው እርሱ ነው።

እርጎ ብዙ ሲቆይ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ውኃው ይለያል፣ እርጎው ይሰበሰባል፣ ከዕቃውም ግድግዳ ይላቀቃል። ቪትሪየስም በዕድሜ ብዛት እንዲሁ ይሆናል። ክሮቹ ይቋጠራሉ፤ የቋጠሮአቸውም ጥላ በሬቲና ላይ ያርፋል። ዝንብ መስሎ የሚታየን ይህ ነው። በኋላም ቪትሪየሱ ከሬቲናው ይላቀቃል። ይህ ከ50 ዓመት በኋላ ብዙዎችን የሚያገኝ የእርጅና ሒደት እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም። ሩቁን አጥርተው ለማያዩ ሰዎች፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው፣ በእንጨት ፍላጭ ወይም በበትር ዓይናቸው ለተመታ ሰዎች ግን ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ጥላው እየሳሳ፣ ሰውም እየለመደው ይሔዳል። መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ከሱቅ የሚገዛ ጠብታም አያጠፋውም።

ታዲያ ፍርሃቱ የት ላይ ነው? ቪትሪየሱ ሲላቀቅ አንዳንድ ቦታ ላይ ጠብቆ ከተጣበቀ ሬቲናውን ይስባል። ሬቲና ብርሃንን እንጂ ሕመምን አያውቅምና ስቡ እንደ መብረቅ ያለ ብልጭታ ሆኖ በተለይ በጨለማ ከዓይን ዳር ይታያል። ስቡ ከበረታ ሬቲናው ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በክረምት በቤታችን ግድግዳ ላይ እንደምናየው ነው፤ ውኃ በምርጊቱ ስንጥቅ ገብቶ ከኋላው ይሰርጋል፣ ምርጊቱንም ከግድግዳው ያላቅቀዋል። ከግድግዳው የተለየ ሬቲና ምግቡን ያጣል፤ ቀስ በቀስም ይሞታል። ጥላውና ብልጭታው በድንገት ከጀመራቸው 100 ሰዎች ውስጥ ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ የሬቲና መቀደድ ይገኛል። ማን የዳነ፣ ማን የተቀደደበት እንደ ሆነ ከውጭ በማየት የሚያውቅ የለም።

በገጠር የሚኖሩ አንዲት እናት በመከር ወራት ብልጭታ ታያቸው። ዓይናቸው አልቀላም፤ አላመማቸውምም። እህሉ ከአውድማ እስኪገባ ጠበቁ። በዚያ መካከል ከዓይናቸው ዳር ጥቁር መጋረጃ ተነሥቶ ወደ መካከል ገሠገሠ። ለሕክምና ሲቀርቡ ሬቲናው እስከ እይታው ማዕከል ድረስ ተላቆ ነበር። ቀድመው ቢደርሱ ቀዳዳው በሌዘር ይታሸግ ነበር። ያዘገያቸው ስንፍና አልነበረም። ስለ ዓይን ሞራ “ይብሰል፣ ይቆይ” ሲባል የሰማ ሕዝብ ስለ ሌላውም የዓይን ሕመም እንዲሁ ያስባል። የዓይን ሞራ ወራት ቢቆይ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ የተላቀቀ ሬቲና ግን ወራት አይሰጥም፤ ነገሩ የቀናት ነው።

ስለዚህ ሦስት ምልክቶችን ያዙልኝ። አንደኛው፣ በድንገት የበዛ ጥላ ወይም የጥላሸት ዝናብ የመሰለ ነገር፤ ሁለተኛው፣ አዲስ ብልጭታ፤ ሦስተኛው፣ ከአንድ ወገን የሚጋርድ መጋረጃ ወይም በድንገት የቀነሰ እይታ ነው። ደኅነኛው ዓይን የታመመውን ይሸፍንለታልና ሰውዬው እያንዳንዱን ዓይን በየተራ ሸፍኖ ይይ። ከሦስቱ አንዱ የታየበት ሰው በዚያው ቀን ጉዞ ይጀምር።

አባቶች ሆይ፣ ይህን ለእናንተ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ሕዝቡ ከሐኪም በፊት የሚያማክረው እናንተን ነው። “ጥላ ጋረደኝ፣ ብርሃን ብልጭ አለብኝ” ያለ ሁሉ ስለ ዓይነ ጥላ የሚናገር አይደለም። ጸሎታችሁንና ጠበሉን አትከልክሉት፤ ነገር ግን “መቼ ጀመረህ? በድንገት ነው?” ብላችሁ ጠይቁት፤ ሱባኤውን እስኪፈጽምም አታቆዩት። ዓይኑን እንዳያሽ፣ ቅጠልም እንዳይጨምቅበት ምከሩት።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ደግሞ ሥራችሁ መንገዱን ማሳጠር ነው። ከወግዲ፣ ከከለላና ከሳይንት ገጠሮች መኪና ወዳለበት መውጣት ራሱ ድካም ነው። በሽተኛው በመካነ ሰላም ሆስፒታል ታይቶ ሪፈር ይጻፍለት፤ በደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው። የሬቲና ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ደግሞ ጉዞው እስከ አዲስ አበባ፣ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሊደርስ ይችላል። ለሳጠራና ለጉልላት እንደምናዋጣ ሁሉ ለእንዲህ ያለው ድንገተኛ ጉዞ ጥቂት ገንዘብ በየአጥቢያው ቢቀመጥ የአንድ ሰው ዓይን ይተርፋል። ሐኪሙ ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚያደርግ እይታ ለሰዓታት ይደበዝዛል፤ በሽተኛው ብቻውን አይሒድ። ቀዳዳ ካልተገኘም በሳምንታት ውስጥ ለድጋሚ ምርመራ መመለስ እንዳለበት አስታውሱት፤ ዘግይቶ የሚቀደድ አለና።

የቆየውን ጥላ ታገሡት፤ ድንገተኛውን ግን አትጠብቁት።