ስለ ሕፃናት ጥርስ ሥር መበላሸትና ስለ ድድ ሕመም

(በካምፓላ ከተማ ለኢትዮጵያውያን ነዋሪዎችና ለአጥቢያ ሹማምንት የተደረገ ንግግር)



የጥርስ ሥር ተበላሽቶ የሚበቅልበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዳንዱ ከተፈጥሮ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዱ ግን የሰው እጅ ያመጣው ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ይህን መከልከል በእጃችን ነውና።

በኡጋንዳ «ኤቢኖ» የሚባል ልማድ አለ። ሕፃን ትኩሳትና ተቅማጥ ሲይዘው ወላጆች ክራንቻው በሚበቅልበት ስፍራ ድዱ አብጦ ያያሉ፤ የሕመሙም ምንጭ ይህ ነው ይላሉ። ነቃዩም ድዱን በስለት ወይም በተሳለ የቢስክሌት ሽቦ ሰንጥቆ ገና ያልጠነከረውን ጥርስ ያወጣል። ነጭና ለስላሳ ስለ ሆነም ትል ይመስላቸዋል። ዴንማርካዊው ፕሮፌሰር የንስ ፒንድቦርግ ይህንና የሚያስከትለውን ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1969 በጽሑፍ አስታውቀዋል። በኢትዮጵያም የወተት ጥርስ ማስነቀል የታወቀ ልማድ ስለ ሆነ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የሚወጣው ግን ትል አይደለም፤ የወተት ጥርስ እንቡጥ ነው። በአጠገቡም የቋሚው ጥርስ እንቡጥ በመሠራት ላይ ይገኛል። ስለቱ ይህን የነካው እንደ ሆነ ቋሚው ጥርስ ሳይበቅል ይቀራል፤ ወይም አካሉና ሥሩ ተበላሽቶ ይወጣል። ከዚህም የከፋ አለ፤ ሕፃኑ በደም መፍሰስ፥ በቁስል መመረዝ ወይም በመንጋጋ ቆልፍ ሊሞት ይችላል። ትኩሳቱን ያመጣው ወባ ወይም ሌላ በሽታም ሳይታከም ይቀራል።

ጉዳቱ የደረሰበት ልጅ ቢኖር ተስፋ አይቈረጥም። ቅርጹ በተበላሸ ጥርስ ላይ እድፍ በቀላሉ ይከማቻል፤ እድፉ ድዱን ያቈስላል፤ ውሎ አድሮም ድዱ ከጥርሱ ይላቀቃል፥ ጥርሱን የያዘውም አጥንት ይመነምናል። ስለዚህ ሐኪሙ ሥሩን በራጅ ይመረምራል፤ ከድድ በታች ያለውን እድፍ ይጠርጋል፤ ጐድጓዳውን ይደፍናል፤ የጥርሱ ነርቭ የሞተ እንደ ሆነም ሥሩን ከውስጥ አጽድቶ ይሞላል። መንቀል የመጨረሻው መንገድ ነው። በቤትም ጥርሱ ጠዋትና ማታ ይጽዳ፤ ድዱ ሲደማ ሳይዘገዩ ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

በዚህ ከተማ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ የሙላጎ ሆስፒታልም ቅርብ ነው። የአጥቢያ ሹማምንት ሆይ፤ ወላጆች ነቃይ ዘንድ የሚሄዱት ልጃቸውን ለማዳን ነውና፥ ከመውቀስ አስቀድሞ ማስተማር ይበጃል። እንዲህ በሏቸው፦ ያተቀመጠ ሕፃን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይጠጣ፤ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ድዱን ግን ማንም አይንካው።