ኮምፒውተር የተገጠመለትን ራም ሙሉ በሙሉ ሳያሳይ ሲቀር

ራም ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝ ክፍል ነው። 8 ጊጋባይት ተገጥሞለት 4 ብቻ የሚያሳይ ኮምፒውተር ሁልጊዜ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

መጀመሪያ የሚታየው ዊንዶውሱ ነው። ባለ 32 ቢት የቤት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ ከዚያም የተወሰነው አድራሻ ለሌሎች ክፍሎች ስለሚያዝ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ከ3 እስከ 3.5 ጊጋባይት ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈቅድ ከሆነ ፋይሎች በፍላሽ ወይም በሌላ ዲስክ ተገልብጠው ባለ 64 ቢቱ ይጫናል። የጎደለው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ብቻ ከሆነ ግን አብሮ የተሠራው የግራፊክስ ክፍል የወሰደው ሊሆን ስለሚችል ችግር የለውም።

ቀጥሎ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የኮምፒውተሩ መነሻ ፕሮግራም፣ ይከፈታል። ባዮስ ሙሉውን ካሳየ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከዊንዶውስ በኩል ነው፤ ካላሳየ ብዙ ጊዜ ከራሙ ወይም ራሙ ከሚሰካበት ማስገቢያ ነው።

በከሚሴና በዙሪያዋ ባሉ ቆላማ ወረዳዎች በደረቅ ወራት አቧራ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማስገቢያውን ለማጽዳት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፤ የላፕቶፕም ባትሪ ይወጣል። ራሙን የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ቀለም ያልተቀባ ብረት ይነካል፤ በእጅ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ራሙን እንዳይጎዳ ነው። ማስገቢያው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል፤ ራሙም በማስገቢያው ልክ ተስተካክሎ መያዣው ቀጭ እስኪል ይገፋል።

ከዚያ ራሞቹ አንድ በአንድ ይፈተናሉ። በየትኛውም ማስገቢያ የማይሠራ ራም ተበላሽቷል፤ ደህናው ራም በአንድ ማስገቢያ ብቻ ከጠፋ ጉዳቱ የማስገቢያው ነው።

አዲስ ራም ከመገዛቱ በፊት ራሙ የሚሰካበት ማዘርቦርድ የሚቀበለው ዓይነትና ከፍተኛ መጠን ይረጋገጣል፤ ዲዲአር3 በዲዲአር4 ማስገቢያ አይገባም።