ስለ አሮጌ ኮምፒዩተሮች የቁልፍ ገበታ ጥገና



የቁልፍ ገበታ ሲያረጅ ቁልፎቹ ሁሉ እኩል አያረጁም። የትኛው አስቀድሞ እንደሚያልቅ የሚወስነው የፋብሪካው ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ የሚጻፍበት ቋንቋም ጭምር ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ገበታ የሚጠግን ባለሙያ ይህን ካላወቀ፣ በሁለት ቁልፍ ምክንያት ደኅናው መሣሪያ ሊጣል ይችላል።

ነገሩ በኮምፒዩተር አልተጀመረም። ኢንጂኒየር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት ሲጥሩ የገጠማቸው ትልቁ ችግር ከ200 የሚበልጡ ሆሄያትን በጥቂት ቁልፎች ማኖር ነበር። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ብዙዎቹ ሆሄያት የሚወጡት አካላቸውንና ካዕብ፣ ሣልስ የሚያሰኛቸውን ምልክት ለየብቻ በመምታት ነውና፣ የምልክቶቹ ቁልፎች ያለ ዕረፍት ይደበደባሉ። በወለጋ ግን ሌላ ለውጥ ተከተለ። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ሲሆን፣ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የቢሮው ጽሕፈት ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል ሆነ። ቁቤ ረዥሙን አናባቢ የሚጽፈው ፊደሉን በመድገም ነው፤ ስለዚህ ድካሙ ከሁሉ ይልቅ በኤ ቁልፍ ላይ ይወድቃል።

ለጥገናው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 መልካም ምሳሌ ነው። በየቁልፉ ሥር ካርቦን ያለበት ትንሽ ጎማ አለ፤ ቁልፉ ሲጫን ጎማው ከታች ባለው ሰሌዳ ላይ ያሉትን ሁለት ጫፎች ያገናኛል። ገበታውን ለመክፈት በርካታ ጥቃቅን ብሎኖችን መፍታት፣ የሺፍት ሎክንም ሁለት ሽቦዎች ከብየዳቸው ማላቀቅ ያስፈልጋል። ጎማውና ሰሌዳው በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጥጥ ቀስ ተብለው ይጠረጋሉ። ብርጭቆ ወረቀት ግን ፈጽሞ አይነካቸውም፤ የካርቦኑ ሽፋን ስስ ነውና አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም። በዚያው ዓመት የወጣው ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ሌላ ነው፤ የፕላስቲክ ገጹ በዕድሜ ብዛት ደርቆ ሲሰነጠቅ አዲስ ከመተካት በቀር ዘላቂ መፍትሔ የለውም።

ጽዳቱ ያላዳነው ጎማ እምብዛም ከማይነካ ቁልፍ በተወሰደ ይለወጣል። በእንግሊዝኛ የለመደ ጠጋኝ እጁን ወደ ኪው፣ ወደ ኤክስና ወደ ዜድ መዘርጋቱ አይቀርም። ይህ በወለጋ ስሕተት ነው። በቁቤ ኪው «ቀ»ን፣ ኤክስ ደግሞ «ጠ»ን ስለሚወክሉ ሁለቱም ሥራ የበዛባቸው ናቸው፤ የነቀምቴ ስም ራሱ ያለ ኪው አይጻፍም። ቪና ዜድ ግን ከሞላ ጎደል በውሰት ቃላት ብቻ ስለሚገኙ፣ ጎማ የሚወሰደው በመጀመሪያ ከኤፍ ቁልፎች፣ ቀጥሎም ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ይህ ሁሉ ከመደረጉ በፊት ግን የሞቱትን ቁልፎች ዝርዝር መያዝ ይገባል። የኮሞዶር ቁልፎች ስምንት በስምንት በሆኑ መስመሮች የተያያዙ ናቸው። በአንድ መስመር ያሉት ሁሉ በአንድ ላይ ዝም ካሉ ጥፋቱ የጎማ ሳይሆን የማገናኛው፣ የብየዳው ወይም የሲ.አይ.ኤ. 6526 ነውና፣ ገበታውን መፍታት ከንቱ ድካም ነው።

በክረምት የታጠቡ ቁልፎች ቶሎ ስለማይደርቁ፣ እርጥበቱ ፈጽሞ ሳይለቅ ቢገጠሙ ሞላዎቹ ይዝጋሉ። ከየትኛው ቁልፍ ወደ የትኛው ጎማ እንደተዛወረም በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ከክዳኑ ውስጥ ይለጠፋል፤ ቀጣዩ ጠጋኝ ቪ ለምን እንደደከመች ሲፈልግ ቀኑን እንዳያባክን።