ዴቪድ ሎው፤ አምባገነኖችን በሣቅ የተጋፈጠ ብዕር
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ጋዜጣ በረጅም ርእሰ አንቀጽ የሚያትተውን ጉዳይ የፖለቲካ ካርቱን ሠዓሊ በጥቂት መስመሮች ይጨርሰዋል። ሥራው ቀላል መስሎ ቢታይም ከጀርባው ከባድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሠዓሊውን የሚያዘው ኅሊናው ነው ወይስ የጋዜጣው ባለቤትና የመንግሥት ፈቃድ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የዴቪድ ሎው ሕይወት በቂ ምሳሌ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሎው በ1891 በኒውዚላንድ፣ በደኒደን ከተማ ተወለደ። ሥዕሎቹ ገና በልጅነቱ መታተም ጀመሩ። በ1911 ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ በሲድኒ ይታተም ለነበረው ለቡሌቲን ሠራ። በጠቅላይ ሚኒስትሩ በቢሊ ሂዩዝ ላይ የሣላቸው ሥላቆች በ1918 በመጽሐፍ ወጥተው ስሙን ባሕር ማዶ አደረሱለት። በ1919 ለንደን ገብቶ ስታር በተባለው ጋዜጣ ከሠራ በኋላ፣ በ1927 የሎርድ ቢቨርብሩክ ንብረት ወደነበረው ኢቭኒንግ ስታንዳርድ ተዛወረ።

ባለቤቱ ወግ አጥባቂ፣ ሠዓሊው ደግሞ ወደ ግራ ያዘነበለ እንደመሆናቸው መጠን፣ ሎው የሥዕሉን አሳብ በነጻነት የመምረጥ መብቱ በውል እንዲጸናለት አደረገ። ስለዚህ የጋዜጣው አቋም ወደ አንድ ወገን ሲያመራ ካርቱኑ ወደ ሌላው ሲያመራ ማየት ለአንባቢው እንግዳ አልነበረም። ባለቤቱም ራሱ ከሥላቁ አላመለጠም።

በ1934 ኮሎኔል ብሊምፕ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ፈጠረ። ብሊምፕ ወፍራም፣ መላጣና ሪዛም ሽማግሌ ሲሆን፣ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ፎጣ አገልድሞ የማይረባውን ነገር በሙሉ ልብ ይናገራል። ስሙም በእንግሊዝኛ ቋንቋ የግትር ወግ አጥባቂ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ሎው ስለ አምባገነኖች አንድ ጽኑ እምነት ነበረው። አስፈሪ ተደርገው ቢሣሉ አይከፉም፤ መፈራት ትርፋቸው ነውና። የሚያንገበግባቸው ሞኝ ሆኖ መታየት ነው። ስለሆነም ሂትለርንና ሙሶሊኒን መሳቂያ አደረጋቸው። ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜም ብዕሩ በወራሪው ላይና በመንግሥታት ማኅበር ማመንታት ላይ አነጣጠረ። ሥራዎቹ በጀርመንና በኢጣሊያ ታገዱ።

ከባዱ ፈተና ግን የመጣው ከሚኖርበት አገር መንግሥት ነው። በ1937 ሎርድ ሃሊፋክስ ጀርመንን ሲጎበኝ ጎብልስ ስለ ሎው ካርቱኖች አቤቱታ አሰማው። ሃሊፋክስም ሲመለስ ለሰላም ሲባል ብዕሩን እንዲያለዝብ ሎውን ጠየቀው። ሎው ለጊዜው እሺ አለ፤ ነገር ግን የሁለቱን አምባገነኖች መልክና ስም አጣምሮ «መዝለር» የሚባል ገጸ ባሕርይ ፈጠረ፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ «አፍ ለጓሚ» ማለትም ነው። በማርች 1938 ጀርመን ኦስትሪያን ስትጠቀልል ያ ልዝብነት አበቃ።

በሴፕቴምበር 1939 «ቀጠሮ» በተባለው ሥዕሉ ሂትለርና ስታሊን በአንድ ሬሳ ግራና ቀኝ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ እየተነሣሡ ሲሰዳደቡ አሳየ። ፈረንሳይ በወደቀችበት በጁን 1940 ደግሞ በባሕር ዳር ብቻውን ቆሞ ጡጫውን ወደ ሰማይ የሚያነሣ ወታደር ሣለ። ናዚዎች ብሪታንያን ሲይዙ ሊያስሯቸው ባዘጋጁት መዝገብ ውስጥ የሎው ስም ተገኝቷል።

ሎው በ1950 ወደ ዴይሊ ሄራልድ፣ በ1953 ወደ ማንቸስተር ጋርዲያን ተዛወረ። በ1962 የ«ሰር»ነት ማዕረግ ተሰጠው፤ በ1963 በ72 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ።

ሎውን ከጋዜጣው ባለቤት የጠበቀው በውል የጸና መብቱ ነበር። ሃሊፋክስ የጠየቀው ግን በትእዛዝ ሳይሆን በልመና፣ ያውም በሰላም ስም ነበር፤ ለእንዲህ ያለው ልመና ውል መልስ የለውም። መልሱ ከሠዓሊው ኅሊና ብቻ ይጠበቃል።