የተበላ ክንፍ እንዴት ይመለሳል?

(በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል የመጣን ሰዎች ስለ ዓሣ እናወራለን ብላችሁ አልጠበቃችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን ዞሮ ዞሮ የሒሳብ ነው።

በሕፃናት ማቆያችን ያለውን የዓሣ ገንዳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባለፈው ክረምት የወርቅማዎቹ ዓሦች ክንፍ ጫፉ እየነጣ፣ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ እየተተለተለ መጣ። እርስ በርስ ተነካክሰው ነው ብለን አንዱን ለየነው፤ ቀጥሎም መድኃኒት ገዛን። ሁለት ጊዜ ከፔቲ ካሽ አወጣን፤ ክንፉ ግን አልዳነም።

ጠይቀንና አንብበን የተረዳነው ይህን ነው። የዓሣ ክንፍ በቀጫጭን የአጥንት ዘንጎች ላይ የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው፤ ጃንጥላን አስቡ። በየዘንጉ ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ ያልፋል። ክንፉ ሲቆረጥ በአንድ ቀን ገደማ ቆዳ ቁስሉን ይሸፍነዋል። ከሽፋኑ ሥር ሕዋሳት ይሰበሰቡና አጥንቱንም ደም ሥሩንም እንደ አዲስ ይሠራሉ። አዲሱ ክንፍ መጀመሪያ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፤ ቀለሙ ኋላ ይመጣል። ተመራማሪዎች አብዝተው ያጠኑት ዜብራፊሽ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በሞቀ ውኃ ውስጥ የተቆረጠ የጅራት ክንፉን ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመልሳል። የሚገርመው፣ ብዙ የተቆረጠው ጥቂት ከተቆረጠው ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሁለቱም የቀድሞ ልካቸው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ።

ታዲያ የእኛዎቹ ለምን አልዳኑም? ችግሩ ውኃው ነበር። ከዓሦቹ ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ ሲጠራቀም ዓሣው ይደክማል፤ በደኅናው ጊዜ የማይጎዱት ባክቴሪያዎችም ክንፉን ይበሉታል። በየሳምንቱ ይቀየር የነበረውን ውኃ በወር አንዴ እንዲሆን ያደረግነው ደግሞ እኛው ነን፤ የውኃ ክፍያ ለመቀነስ ብለን። ለመድኃኒት ያወጣነው ከቆጠብነው በለጠ።

አሁን በየሳምንቱ የገንዳውን ሩብ ያህል እንቀይራለን። የቧንቧውን ውኃ ክሎሪኑ እንዲለቀው ክዳን በሌለው ባልዲ አንድ ቀን እናቆየዋለን። የማጣሪያውን ስፖንጅ፣ አሞኒያን የሚያጠፉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እንዳይሞቱ፣ ከገንዳው በቀዳነው ውኃ እናጥበዋለን። ክንፎቹ ተመለሱ። የአንዷ ብቻ እስከ ሥሩ ተበልቶ ስለነበር አልበቀለም።

ከዚህ በኋላ መዝገባችንን ገልጠን አየን። በዚያው ዓመት የቀነስነው ሌላም ወጪ ነበር፦ ብድር የወሰዱ እኅቶችን ቤት ለቤት የሚጠይቁት የክትትል ሠራተኞች ትራንስፖርት። ክፍያ ሲዘገይ ደግሞ ቅጣት ጨመርን። ያ ቅጣት ሁለተኛው መድኃኒታችን ነበር። ሦስት እኅቶች ማኅበሩን ለቀው ሄዱ፤ አንዷ የልብስ ስፌት መኪናዋን ሸጣ ነው ዕዳዋን የከፈለችው።

ስለዚህ ለድምፅ የምናቀርበው ሁለት ነገር ነው፦ የክትትሉ ወጪ በሚቀጥለው በጀት ይመለስ፤ የዘገዩት እኅቶች ቅጣትም ይነሳላቸው። የሄዱትን ሦስቱን ቤታቸው ድረስ ሄደን እንጠይቃቸዋለን። ይመለሳሉ ብለን ግን ቃል አንገባም።